«ወፈርሽ!» ምርቃት በነበረበት ዘመን

ድሮ «ወፈርሽ!» ማለት ምርቃት ነበር። ከአገር ቤት የመጣ ዘመድ ደጃፍ ላይ ቆሞ እናቶቻችንን ከላይ እስከ ታች ካየ በኋላ «እሰይ፣ ወፍረሻል! ተመችቶሻል!» ካለ ደስታቸው ፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር። «ምነው ከሳሽ?» ከተባለ ግን ቤቱ ሁሉ ይደነግጣል። ታማ ይሆን? ባሏ በድሏት ይሆን? የሚበላ ጠፍቶ ይሆን? ዛሬ የአዲስ አበባን ሴት «ወፈርሽ» ብትሏት ወይ ታኮርፋችኋለች፣ ወይ በማግስቱ ጂም ትመዘገባለች። «ከሳሽ» ስትሏት ደግሞ «እውነት? አመሰግናለሁ!» ትላለች። አንድ ቃል በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ከምርቃት ወደ ስድብ ሲዞር እንዲሁ አይደለም፤ ከጀርባው ታሪክ አለ። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ይህንኑ ታሪክ ነው።

ቦሌም ሆነ ሌላ ሠፈር ስትዘዋወሩ በውበት ሳሎኖችና በቆዳ ክሊኒኮች ደጃፍ ሁለት አገልግሎቶች ጎን ለጎን ተጽፈው ታነባላችሁ። አንዱ «ስብ ማስወገድ» ነው፣ ሁለተኛው «ቆዳ ማጥበቅ»። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ የሁለቱ አብሮ መሸጥ ነው። ስቡ ከወጣ በቃ አይደለም እንዴ? ቆዳው ደግሞ ምን ሆኖ ነው የሚታከመው?

መልሱን ማንም ትራስ የሞላ ሰው ያውቀዋል። ከትራሱ ውስጥ ግማሹን ጥጥ ብታወጡት ልባሱ ይላላል፣ ይሸበሸባል። ቆዳም እንዲሁ ነው። ከላይ ከምናየው ሽፋን በታች ሁለት ዋና ዋና ክሮች አሉት፤ አንዱ ኮላጅን የሚባለው እንደ ድርና ማግ ጥንካሬ ይሰጠዋል፣ ሌላው ኤላስቲን የሚባለው ተለጥጦ እንደ ላስቲክ እንዲመለስ ያደርገዋል። ለዓመታት በውፍረት የተለጠጠ፣ ወይም በተደጋጋሚ እርግዝና የተወጠረ ቆዳ ግን ላስቲኩ ይበጠሳል። በሆድ ላይ የምናያቸው ሸንተረሮች የዚያ ምልክት ናቸው። ዕድሜ፣ ፀሐይና ሲጋራ ሲጨመሩበት ደግሞ ይብሳል። ባጭሩ፣ የሄደ ስብ ቆዳውን ይዞ አይሄድም። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ሌላ ቦታ ላይ ታስፈልገናለች።

ሐኪሞቹ ይህን ሁሉ የተማሩት በሰው ገላ ላይ እየሞከሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ቻርልስ ዱጃሪየር የተባለ ፈረንሳዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም የአንዲት ዳንሰኛን እግር ለማቅጠን ብሎ ስቡን በመፋቂያ መሣሪያ አወጣ። የደም ሥሯ ተጎዳ፣ እግሯ ሞተ፣ በመጨረሻም ተቆረጠ። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ዘመን ነገሩን የሚደፍር ጠፋ። በ1974 ሮም ውስጥ ፊሸር የተባሉ አባትና ልጅ ስብን በቱቦ የመምጠጥን ዘዴ ጀመሩ። በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ፓሪስ ላይ ኢቭ ዠራር ኢሉዝ ጫፉ ያልሰላ ቱቦ ተጠቅሞ አሻሻለው። በ1985 ደግሞ አሜሪካዊው የቆዳ ሐኪም ጄፍሪ ክላይን ማደንዘዣና የደም ሥር አጥባቢ መድኃኒት የተቀላቀለበት ብዙ ፈሳሽ አስቀድሞ በቦታው መሙላትን አመጣ። በዚህም በሽተኛዋ የምታጣው ደም በእጅጉ ቀነሰ። ሊፖሰክሽን የሚባለው በዓለም የተስፋፋው ከዚህ በኋላ ነው።

ቆዳ የሚቆርጡት ግን ከእነዚህ ይቀድማሉ። በ1899 ባልቲሞር ላይ ሐዋርድ ኬሊ የተባለ ሐኪም የተንጠለጠለ ሆድ ቆርጦ ሰፍቶ ነበር። እንግዲህ ስብ መጣጩና ቆዳ ቆራጩ ለረዥም ጊዜ ሁለት የተለያዩ ባለሙያዎች ነበሩ ማለት ይቻላል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማድረግ ያስፈራ የነበረውም በምክንያት ነው፤ ከሥሩ ተላቅቆ የተነሣ ቆዳ የሚመገብበት የደም ሥር ከተነካ ቆዳው ይሞታል። በ2001 ብራዚላዊው ኦስቫልዶ ሳልዳኛ የደም ሥሮቹን ሳይነካ ሁለቱን በአንድ ቀን የሚሠራበትን ዘዴ ጽፎ አሳተመ። ከዚያ ደግሞ ቢላዋ የማይነካው ዘዴ መጣ። በራዲዮ ሞገድ የሚሠራ የቆዳ ማሞቂያ መሣሪያ በ2002 አሜሪካ ውስጥ በመጀመሪያ ለዓይን አካባቢ መሸብሸብ ተፈቀደ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሥጋ ምጣድ ላይ ሲያርፍ እንደሚኮማተር ሁሉ ኮላጅንም ሲሞቅ ይኮማተራል፣ ቆይቶም አዲስ ይሠራል።

ታዲያ ጥቂት የላላውን ሙቀቱ ይረዳዋል። ብዙ የላላውንና የተንጠለጠለውን ግን ከቢላዋ በቀር የሚያነሣው የለም፤ ቢላዋው ደግሞ ከዳሌ እስከ ዳሌ ጠባሳ ይተዋል። ሁለቱን በአንድ ቀን መሥራት አንድ ማደንዘዣ፣ አንድ ማገገሚያ ነው፤ ጥቅሙ ይህ ነው። ጉዳቱ ሰዓቱ መርዘሙ፣ የደም መርጋትና የቁስል አለመዳን አደጋውም መጨመሩ ነው።

ይህ «ማጥበቅ» የሚባለው ነገር ግን ከባሕር ማዶ በማሽን የመጣ ይመስለን እንደሆነ ተሳስተናል። ለዚህ ወደ ዝቋላ ልውሰዳችሁ። ዝቋላ ስል ከደብረ ዘይት ወዲያ ያለውን የአቦን ተራራ ማለቴ አይደለም። የዋግ ኽምራውን ዝቋላ ነው፤ ከሰቆጣ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ተከዜ የሚወርደውን፣ ከተማው ጽፅቃ የሆነውን ወረዳ። ከሰቆጣ ደጋ ተነሥታችሁ ወደ ተከዜ ስትወርዱ አገሩ ቆላ ይሆናል፤ ፍየሉ፣ ንቡ፣ የዕጣኑ ዛፍ የሚበዛበት ነው። እዚያ ቆላ ወይባ የሚባል ዛፍ አለ። ሴቶች የሚያውቁት በጢሱ ነው።

ሥርዓቱን እናቶች ሲናገሩት እንዲህ ነው። ጎጆው ውስጥ ጠባብ ጉድጓድ ይቆፈራል። ፍሙ ላይ የወይባው እንጨት ይጨመራል፣ ጢሱ ይነሣል። ሴትዮዋ ቅቤ ተቀብታ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ትቀመጥና ከአንገቷ በታች በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ትሸፈናለች። ላቧ እንደ ጅረት ይወርዳል። ቀናት ሲደጋገም ገላዋ ወደ ቢጫ ያደላል፣ የላይኛው ቆዳ ይላላጥና ከሥሩ የለሰለሰ ይወጣል። ሙሽራ ትሞቀዋለች፣ ዐራስም ትሞቀዋለች። ወሎዬዎች ቦለቅያ ይሉታል። ድንበር ተሻግራችሁ ሱዳን ብትገቡ ዱኻን በሚል ስም ታገኙታላችሁ። ለምን እንደሚሞቁት ስትጠይቁ መልሱ የትም አንድ ነው፤ «ገላ ይጠብቃል።»

አሁን ልብ በሉ። የዚያን ጊዜውም ሥራ እንደ ዛሬው ክሊኒክ በሁለት እጅ የሚሠራ ነበር። አንደኛው እጅ ያጠብቃል፤ ጢሱም አለ፣ ሆድ ላይ ጥብቅ ተደርጎ የሚጠመጠመው መቀነትም አለ። ሁለተኛው እጅ ግን ስብ አያወጣም፤ ይጨምራል እንጂ! ገንፎው በቅቤ፣ አጃው፣ ተልባው፣ አብሹ፣ ካለም ማሩ። ዐራስ ቤት ገብታ ወዝ ሳይኖራት፣ ጉንጯ ሳይሞላ የወጣች ሴት የባሏ ቤት ስም ይጠፋል። የእኛ እናቶች ስብ መሙላትንና ቆዳ ማጥበቅን አጣምረው ነበር። የእኛ ዘመን ስብ ማውጣትንና ቆዳ ማጥበቅን አጣመረ። የተለወጠው የመጀመሪያው እጅ ነው።

ጢሱ በእርግጥ ያጠብቃል ወይ? እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ላይ ላዩን ያደርቃል፣ ያልጣል፣ ያቀላል፤ ለጥቂት ጊዜም የተወጠረ ስሜት ይሰጣል። ሥር ድረስ ገብቶ የተበጠሰውን ላስቲክ አይቀጥልም። ምስጋናውን የወሰደው ግን በሌላ ምክንያት ይመስለኛል። የወለደች ሴት ማኅፀን ወደ ቀድሞው መጠን የሚመለሰው በስድስት ሳምንት ገደማ ነው። ስድስት ሳምንት ማለት 42 ቀን ነው፤ የአርባ ቀኑ ዐራስነት ከተፈጥሮ ጋር እንዴት እንደገጠመ እዩት። ተፈጥሮ በዝግታ የሠራችውን ጢሱ በስሙ አስመዘገበ። ደግሞም አደጋ የለውም አልልም። በተዘጋ ቤት የሚጨስ ፍም የሚገድል መርዘኛ ጋዝ አለው፤ ያቃጠላቸውም አሉ። ነፍሰ ጡር ሴት ፈጽሞ ልትሞቀው አይገባም። ዛሬ ይኸው ወይባ አዲስ አበባ ደርሶ በውበት ሳሎኖች ከስብ ማቅለጫው ማሽን ጎን ይሸጣል።

ዝቋላን የመረጥኩት ግን ለወይባው ብቻ አይደለም። እዚያ አገር ያ ቅቤ ሁልጊዜ አልነበረም። ሽማግሌዎች «ክፉ ቀን» የሚሉት፣ ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ከብት በሽታው አገሩን ባዶ ያደረገበት ዘመን አለ። 1966 አለ። 1977 አለ። ያን ጊዜ የዋግ ሕዝብ በእግሩ ወደ ኮረም ተሰደደ፤ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ዓለም በቴሌቪዥን ያየው የኮረም ሜዳ ነው። ሩቅ ሳንሄድ በ2015 ዓ.ም. ክረምቱ ሲቀር ዝቋላና ሳህላ፣ አበርገሌም ከብቶቻቸው አለቁ፣ ሰዉ ለራብ ተጋለጠ።

ያቺን ያዙልኝ ያልኳችሁን ዓረፍተ ነገር አሁን አምጧት። የሄደ ስብ ቆዳውን ይዞ አይሄድም። የተራበ ሰው ገላ ከውጭ የሚገባ ሲያጣ የሚበላው የራሱን ስብ ነው፤ ያ ሲያልቅ ጡንቻውን። ክፉኛ የተራበን ሕፃን የሚመረምር ጤና ባለሙያ መቀመጫውን ያያል። ስቡ ስላለቀ ቆዳው ልክ እንደ ሰፊ ሱሪ ተሸብሽቦ ይንጠለጠላል። ቦሌ ላይ «የላላ ቆዳ» የሚባለውና ዝቋላ ላይ የላላው ቆዳ በሥጋ ሕግ አንድ ናቸው። ልዩነታቸው ስቡን ማን እንደወሰደው ነው፤ አንዱን ማሽን፣ አንዱን ራብ።

ሁለቱም ጋ ሜትር አለ። ቦሌ ላይ ሜትሩ ወገብ ላይ ይጠመጠማል። ዝቋላ ጤና ኬላ ላይ የሕፃኑ ክንድ ላይ ይጠመጠማል፤ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም ያለው ጥብጣብ ነው። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ ክንዱ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቀይ ነው፤ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነች ማለት ነው። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ከ2 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት ቃል ሲገባ ስሙን ከዋግ ወሰደ፤ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» አለው። ሥራውም በተከዜ ተፋሰስ ባሉ የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ተጀመረ። የአገሪቱን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ካያችሁ በ2008 ዓ.ም. ከ5 ዓመት በታች ካሉት ልጆች 38 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፣ በአማራ ክልል 46 በመቶ። በዚያው ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት የኢትዮጵያ ሴቶች 22 በመቶው ከልክ በላይ የከሱ፣ 8 በመቶው ከልክ በላይ የወፈሩ ነበሩ፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ወፍራሞቹ 29 በመቶ ደርሰዋል። አንድ አገር፣ አንድ ጥናት፣ ሁለት ሜትር!

የዝቋላ ተወላጅ የሆኑ፣ አዲስ አበባ ልጃቸው ጋ የሚኖሩ አንዲት እናት አውቃለሁ። ልጃቸው ከሁለተኛ ወሊዷ በኋላ ስብ ስለማስወጣት ስታወራ ሰምተው ኖሮ አንድ ቀን ጠየቁኝ።

«እንዲያው ልጄ፣ ስቡን አውጥተው የት ያደርጉታል?»

«ይጣላል፣ እማማ። አንዳንዴም እዚያው መልሰው መቀመጫዋ ላይ ወይም ፊቷ ላይ ይሞሉታል።»

«ከሆዷ አውጥተው ወደ መቀመጫዋ?» ሣቁ። ሣቃቸው ቶሎ ቆመ። «እኛማ በሰባ ሰባት አጥተነው ነው የሞትነው» አሉ።

ይህን ያሉት ልጃቸውን ለመውቀስ አልነበረም፤ እንዲያው ነገሩ ተገናኝቶባቸው ነው። እኔ ግን ቤቴ ስገባ ሒሳብ ሠራሁ። አንድ ኪሎ የሰው ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ይይዛል። ሦስት ኪሎ 23,000 ያህል ነው። በዕርዳታ እህል ሒሳብ ለአንድ ሰው በቀን 2,100 ካሎሪ ይታሰባል። እንግዲህ በአንድ ከሰዓት የሚወጣ ሦስት ኪሎ ስብ የአንድ ሰው የ11 ቀን ቀለብ ነው። ለተራበ ሕፃን በሚሰጠው፣ እያንዳንዱ 500 ካሎሪ በያዘው ፕላምፒ ናት ብትቆጥሩት 46 ፓኬት ይሆናል።

ኧረ ቆይ፣ ወዴት እየሄድኩ እንደሆነ ገምታችሁ እንዳትቆጡ። የቦሌ ስብ በመኪና ተጭኖ ዝቋላ አይሄድም። አንዲት ሴት ክሊኒክ ስለገባች አንድ ሕፃን አይራብም፣ ስለቀረችም አይጠግብም። ራብን የሚያመጣው ድርቅ፣ ጦርነትና መጥፎ አስተዳደር ነው እንጂ የእኅቶቻችን ወገብ አይደለም። ሒሳቡን የሠራሁት ስብ ምን እንደሆነ ለማስታወስ ነው። ስብ ቆሻሻ አይደለም፤ ስንቅ ነው። «ወፈርሽ» ምርቃት የነበረው እናቶቻችን ውበት ስለማያውቁ አልነበረም፤ የሰነቀች ሴት ክፉ ቀን ብትመጣ ከልጇ ጋር ትሻገራለች ብለው ነው። የደረሰባቸውን ያውቁ ነበር።

እኛ ደግሞ ስንቁ የበዛብን አለን። በከተማ ቁጭ ብለን እየዋልን፣ ዘይትና ስኳር እያበዛን ስኳር በሽታና ደም ግፊት ተከትሎናል። ይሄም የዘመናችን እውነት ነው። ነገር ግን በቱቦ የሚወጣው ስብ ለዚህ መድኃኒት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ በ15 ወፍራም ሴቶች ላይ የታተመ ጥናት አለ። ከየአንዳንዳቸው ሆድ 10 ኪሎ ያህል ስብ ወጣ። ከ10 እስከ 12 ሳምንት ቆይቶ ሲመረመሩ የደም ግፊታቸውም፣ ሰውነታቸው ኢንሱሊንን የሚጠቀምበትም መንገድ አልተሻሻለም። ቅርጽ ተለወጠ እንጂ ጤና አልተለወጠም። በእግር መሄድና ምግብ መመጠን የሚያደርጉትን ቱቦው አያደርገውም።

በአገራችን የዚህ ሙያ ሐኪሞች ቁጥራቸው ጥቂት ነው። ፕላስቲክ ሰርጀሪ የሚባለው ትምህርት እዚህ ሲተከል ለውበት አልነበረም፤ በአለርት የሥጋ ደዌ የጎዳውን እጅና ፊት ለማቃናት፣ በየካቲት 12 ሆስፒታል እሳት የበላውን ገላ ለመጠገን ነበር። የቆዳን ዋጋ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ክሊኒክ ለመሄድ ለቆረጠች እኅቴ ሦስት ጥያቄ ይዛ እንድትሄድ እለምናታለሁ። የሚሠራልኝ ሰው በእርግጥ የቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ነው ወይ? ቆዳዬ ራሱ የሚመለስ ነው፣ ሙቀት የሚበቃው ነው ወይስ ቢላዋ የሚፈልግ? ሌሊት ደም ቢፈሰኝ፣ እግሬ ቢያብጥ፣ ትንፋሽ ቢያጥረኝ ማን ጋ ነው የምደውለው? ሦስቱን በግልጽ የማይመልስ ቤት፣ ማሽኑ ምንም ቢያበራ፣ መውጫውን ታሳያቸው። ደግሞ ገና ልትወልድ ካሰበች ትቆይ፤ የሚቀጥለው እርግዝና የተሠራውን ያፈርሰዋል። ከወለደች ገና ወራት ከሆናትም ትታገሥ፤ ገላዋ ሥራውን አልጨረሰም።

ለእኛ ለተቀረነው ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ከድሮው ዐራስ ቤት ልንወርስ የሚገባን ጢሱን አይመስለኝም። የሚወረሰው ሌላ ነው። ያቺ ሴት አርባ ቀን ሙሉ ሌሎች ሴቶች ያበሏታል፣ ያጥቧታል፣ ሆዷን ያስሩላታል፣ ልጇን ይይዙላታል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ስለ ሆዷ መላላት አንድ ሰው ቃል አይተነፍስም። ዛሬ ግን ሕፃኑ ሳምንት ሳይሞላው «ሆድሽ አልገባም እንዴ?» እንላታለን። ከዚያ ወደ ክሊኒክ ስትሮጥ እንገረማለን። ለወለደች ሴት ስትጠይቋት ምን እንደሚባል አባቶቻችንና እናቶቻችን አስተምረውን ነበር፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ነው የሚባለው። ከዚያ ያለፈው፣ ስለ ወገቧ የሚባለው፣ የራሷ ጉዳይ ነው።